በአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ደብዳቤ

ኦይዲንን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ ያየኋት ከመሬት በታች ሆኜ ነው። ያየሁትም እግሯን ብቻ ነው።

በኮካንድ ከተማ፣ በእኛ ግቢ፣ ከወይኑ ዳስ ሥር አባቴ የቆፈረው ፎሳ አለ። ጎንና ጎኑ በጡብ የተገነባ፣ መኪና ከላዩ ሲቆም ሰው ከሥር ገብቶ የሚሠራበት ረጅም ጉድጓድ ነው። አባቴ የጥጥ መኪና ሾፌር ነበር፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ሞተ። የወረስኩት ያን ፎሳ፣ አንድ ሣጥን መፍቻና የእሱን ዝምታ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ የትም ሳልሄድ ቀረሁ። እናቴ ሮሂላ ዳቦ ጋግራ ለሠፈሩ ትሸጣለች፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ዱቄቷን ተሸክሜላት፣ ዳቦውን አሻሽጬላት ቀሪውን ቀን ፎሳው ጠርዝ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ አልማለሁ። የማልመው ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር፤ ያን ቢጫ ጫማ እስካይ ድረስ።

በሠፈራችን አሮጌ ላዳ ያለው ሁሉ ዘይት ለመቀየር ወደ እኛ ግቢ ይመጣል። ጋራዥ ወስዶ ከመክፈል ዘይቱንና ፊልትሮውን ከገበያ ገዝቶ በገዛ እጅ መቀየር ይረክሳል። በዚህ ነገር ዶምላ ኢኖያትን የሚያህል ጥብቅ ሰው አልነበረም። ዶምላ የምንለው አስተማሪን ነው፤ እሳቸውም አርባ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው።

«ቡሎን ፈትቶ ያንኑ ቡሎን መልሶ ለመግጠም ሰው ገንዘብ ይቀበላል?» ይላሉ። «ነገ ደግሞ በር ከፍቼ ስለዘጋሁ ይክፈሉኝ ይላል።»

ነጭ ላዳቸውን ፎሳው ላይ ያቆማሉ። ጥልፍ ቆባቸውን ያስተካክላሉ። ከዚያ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ገልጠው ከላይ እየቆሙ ያነቡልኛል፤ እኔ ከሥር እሠራለሁ።

«ገጽ አርባ ሁለት። ዘይቱ ትኩስ እያለ ይፈሳል ይላል። ትኩስ ነው?»

«ትኩስ ነው፣ ዶምላ።»

«እጅህን አቃጠለህ?»

«አቃጠለኝ።»

«እንግዲያው ልክ ነው።»

አንድ የመስከረም ቀን ልጃቸው አብራቸው መጣች። እናቷ ገና በልጅነቷ ስለሞተች የቤቱን ጽሕፈት ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት። እኛ ጋ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ከኮፋኖው ሥር አንዲት ቁራጭ ካርቶን በክር ትታሰራለች፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና የዘይቱ ዓይነት ይጻፍባታል፤ ቀጣዩ ለውጥ መቼ እንደሆነ የሚታወቀው በእሷ ነው። ዶምላ ከሻይ ጥቅል የተቆረጠ ካርቶን ይዘው ለልጃቸው ቃል በቃል አስጻፉ። ዘይቱ እስኪንጠባጠብ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፤ መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል ሳይሆን ዶምላ በሰው ግቢ ሻይ መጠጣት ስለሚወዱ ነው። እናቴ ዘንድ ገቡ።

ከፎሳው ቀና ስል ቢጫ የላስቲክ ጫማና ቁርጭምጭሚት አየሁ። ከግራው ቁርጭምጭሚት በላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች። ከዚያ አንድ እጅ ወደ እኔ ወረደ፤ ካርቶኗን ይዟል።

«ይቺን ስትወጣ እሰራት» አለች።

«እሺ» አልኩ።

ካርቶኗን ገለበጥኳት። በጀርባዋ በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ዳቦ ስትሸጥልኝ እጅህ ላይ ቃጠሎ አይቼ ነበር። ዳነ?»

እርሳስ ፈልጌ ከሥሩ «ድኗል» ብዬ ጻፍኩ። ስወጣ ከኮፋኖው ሥር አሰርኳት። መኪናዋ ከግቢያችን ስትወጣ ያን አንድ ቃል ከመጻፍ እጄን ባቃጥለው ይሻለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ሁሉም በሆዴ ቀረ።

* * *

ዶምላ ዘይት የሚቀይሩት በአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። መጽሐፉ ያለው ነው። አንድ ጊዜ ወደ እኛ በር ሲደርሱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንደቀራቸው አይተው ተመልሰው ሄዱ፤ በገበያው ዙሪያ ሲዞሩ ውለው ቁጥሩ ሲሞላ መጡ።

ስለዚህ ከኦይዲን የሚደርሰኝ ደብዳቤ በአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ነበር። እሷ በካርቶኗ ጀርባ ትጽፋለች፤ እኔ ከሥሩ እመልሳለሁ፤ ቤቷ ስትደርስ ውሃ ለመሙላት ብላ ኮፋኖውን ከፍታ ታነባለች። ከዚያ ስድስት ወር እንጠብቃለን።

ሁለተኛዋ ካርቶን «ድኗል ብቻ? ቃልም እንደ አባቴ ትቆጥባለህ እንዴ?» ትላለች።

«ብዙ ጽፌ ነበር። በሐሳቤ» ብዬ መለስኩ።

ሦስተኛዋ ስድስት ወር አልፈጀባትም፤ በአራት ወር መጣች። አራተኛዋ በሦስት። ዶምላ ከላይ ሆነው ሲያጉረመርሙ ሰማሁ።

«ይቺ ልጅ አክስቷን እንዲህ እንደምትወድ አላውቅም ነበር። በየሳምንቱ ማርጊላን፣ ማርጊላን። ባርኖ የእኔ እህት ናት፤ እኔ እንኳ በዓመት አንዴ ነው የምትናፍቀኝ። መንገዱ ኪሎ ሜትር እየበላ ዘይቴን ጨረሰው።»

ቢጫው ጫማ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ተዛወረ። እኔ ከፎሳው ውስጥ አፌን በእጄ ያዝኩ። ፊቴ በዘይት ተቀባ። ያን ቀን የጻፈችው «ቆጥረኸዋል?» የሚል ብቻ ነበር። እኔም «እያንዳንዱን» ብዬ ጻፍኩ።

ዳቦ ልትገዛ ስትመጣ ግን አንነጋገርም። እሷ «ሁለት» ትላለች፤ እኔ ሁለት እሰጣለሁ። ዓይኗን ቀና አድርጋ ካየችኝ የዚያን ቀን ሰላምታ የሚያቀርብልኝን ሰው ስም እረሳለሁ። የዶምላ ቤት ነጭ አጥንት ነው፤ ከአያት ቅድመ አያት የእምነት መምህራን የወጡበት ዘር። ሴት ልጃቸውን ከአጥንታቸው ውጭ ሰጥተው አያውቁም። የእኛ ጥቁር ነው፤ የሾፌርና የዳቦ ጋጋሪ። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ በሠፈራችን ሰው እንደ ቤቱ በር የሚያውቀው ነገር ነው። ፎሳው ውስጥ ሆኜ ግን ከእሷ በላይ ሰማይ፣ ከእኔ በታች መሬት ብቻ ነበር፤ አጥንት የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም።

* * *

ስድስተኛዋ ካርቶን የመጣችው በመጋቢት ነው፤ አፕሪኮቱ አብቦ፣ የአዲስ ዓመት በዓላችን ናውሩዝ ጥቂት ቀን ቀርቶት። ዘይቱን ከፍቼ ሳፈስ እጇ ወረደ። በካርቶኗ ጀርባ እንዲህ ይላል፦

«ከናማንጋን ከተማ ሽማግሌዎች ተልከው መጥተው ነበር። የእኛው አጥንት ናቸው። አባቴ አልጠላቸውም። አንተ የምትለው ካለህ አሁን በል። ዝም ካልክ ዝምታህን መልስ አደርገዋለሁ።»

ሁለቴ አነበብኩት። ዘይቱ ባልዲው ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ከላይ ቢጫው ጫማ ቆሟል፤ አይንቀሳቀስም። እርሳሱን አነሳሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩትን ጻፍኩ፦ «እናቴ ዓርብ ትመጣለች።»

ዘይቱ አለቀ፤ አሮጌውን ፊልትሮ ፈታሁት። አባቴ ከሁሉ በፊት ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ፦ ፊልትሮ ስትፈታ ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው የጎሚኒ ቀለበት አንዳንዴ ከፊልትሮው ይለይና ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ አዲሱን ከመግጠምህ በፊት የሞተሩን ፊት በጣትህ ዙሪያውን ዳብስ። ሁልጊዜ እዳብስ ነበር። ያን ቀን ጣቴ እርሳስ ይዞ ነበር። ሳልዳብስ አዲሱን ገጠምኩ።

ዶምላ ሻያቸውን ጨርሰው ሲመጡ አንድ አዲስ ነገር አሰቡ።

«ዛሬ የታችኛውን ቡሎን የማጠብቀው እኔ ነኝ። ውጣ። አርባ ዓመት ስለ መሬት ውስጥ አስተምሬ አንድ ቀን ገብቼ አላየኋትም።»

«ወገብዎ፣ አባባ» አለች ኦይዲን።

«ወገቤ ጡረታ አልወጣም።»

ገቡ። አጠበቁ። «ከልክ በላይ አታጥብቅ ይላል መጽሐፉ» እያሉ ወጡ። አዲሱን ዘይት ሞላሁ፤ ካርቶኗን አሰርኩ፤ ኮፋኖውን ዘጋሁ። ያንኑ ሰዓት ወደ ማርጊላን ጉዞ ጀመሩ። ኦይዲን በመስኮቱ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ያቆየኝ ያ አስተያየት ነው።

* * *

በማግስቱ ፎሳውን ስጠርግ አሮጌውን ፊልትሮ አነሳሁት። ከንፈሩ ባዶ ነው። ጎሚኒ የለውም።

ያን ጊዜ እናቴ ከውጭ ገባች። «የዶምላን መኪና በትራክተር እየጎተቱ አመጧት። ማርጊላን ሳይደርሱ ሞተሯ ነክሶ ቆመ አሉ። ዘይቷ መንገድ ላይ ፈሶ አልቋል።»

ሁለት ጎሚኒ ተደራርቦ ዘይት አይይዝም፤ ትንሽ መንገድ ይታገስና ይተፋዋል። የዘይት ማነስን የምታሳየው ቀይ መብራት ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት ተቃጥላ፣ ዶምላ «ለአንዲት አምፖል» ብለው ሳይቀይሯት ቀርተዋል። ሞተሩ እስኪቆም ያወቀ አልነበረም።

እናቴን «ዓርብ ዶምላ ቤት ሂጂልኝ» ልላት ነበር። እንዴት ልበላት? መኪናቸውን ገድዬ፣ የቆጠቡባትን ሁሉ በአንድ ቀን አፍስሼባቸው፣ ልጃችሁን ስጡኝ ይባላል? ዓርብ መጣ፤ ሄደ። ደብዳቤዬን አንብባለች፣ ፈሪ መሆኔን አውቃለች እያልኩ ፎሳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ዶምላ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ቆባቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አድርገው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ተቆጥተውኛል፣ ፊቴን ማየት አይፈልጉም አልኩ። ኦይዲን ዳቦ ከሌላ ቦታ መግዛት ጀመረች። ላዳዋ በግቢያቸው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆመች። ከሠርግ በኋላ ትሠራለች አሉ። የማን ሠርግ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በሰኔ አክስቷ ባርኖ ከማርጊላን መጥታ ለእናቴ አሥራ ሁለት የቅቤ ዳቦ አዘዘች። በሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ዱቄት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

* * *

ዳቦው በሚወሰድበት ቀን ጠዋት ምድጃው ቀልቶ እናቴ ክንዷን እስከ ትከሻዋ እያስገባች ዳቦ ትለጥፋለች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

«ከጁምዓ ሶላት በኋላ ናማንጋኖቹ ይመጣሉ» አለች። «ዳቦ ሊቆረስ ነው።»

እኛ ጋ የሁለቱ ቤት ሽማግሌዎች ሁለት ዳቦ ፊት ለፊት አጋጥመው ከቆረሱ ልጅቷ ተሰጥታለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቃል የሚመልስ የለም።

«እማዬ» አልኩ።

ምን ድፍረት እንደሰጠኝ አላውቅም። ካርቶኖቹን፣ ማርጊላንን፣ እርሳሱን፣ ጎሚኒውን ሁሉ ነገርኳት። እሷ ዳቦ መለጠፏን አላቆመችም። ስጨርስ ክንዷን አውጥታ በመሀረብ ጠረገች።

«አባትህም እንዲህ ነበር» አለች። «እኔን ለማግባት ሁለት ዓመት ሙሉ የወንድሜን ብስክሌት ሲጠግን ከረመ። ብስክሌቱ ጤነኛ ነበር።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ሞተር ገደልኩ ብለህ ሦስት ወር ዝም ስትል ልጅቷን ማን ገደላት? ፊትህን ታጠብ። ትሪውን የምትሸከመው አንተ ነህ።»

«ገብቼ ምን እላለሁ?»

«ያጠፋኸውን ትላለሃ። ሌላውን ካልቻልክ እሱን ትችላለህ።»

አሮጌውን ፊልትሮ በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ዳቦው በትሪው ላይ ገና ትኩስ ነበር፤ ሙቀቱ ደረቴን ይነካኛል። መንገዱ አጭር ነው፤ ሃምሳ እርምጃ። የወደድኳት ሴት ለሌላ ሰው የምትሰጥበትን ዳቦ ተሸክሜ ሃምሳውንም ቆጠርኩ።

* * *

ግቢው ተረጭቶ ተጠርጓል። ምንጣፍና ረጅም ጨርቅ ተነጥፎ፣ አፕሪኮትና ለውዝ ተደርድሮ፣ በጥግ ትልቅ የሩዝ ድስት ይንጣጣል። የናማንጋኑ አዛውንት ነጭ ጺማቸውን እየዳበሱ በክብር ቦታው ተቀምጠዋል። ዶምላ አጠገባቸው ናቸው። ሲያዩኝ ዓይናቸውን ወደ ጨርቁ ወረወሩ። ሴቶቹ በረንዳው ላይ ናቸው፤ ከኋላዬ የመጣችው እናቴም ከእነሱ ጋር ተቀመጠች፤ ኦይዲን ከመስኮቱ ኋላ ናት። መጋረጃው በጣት ስፋት ተከፍቷል።

ትሪውን አኖርኩ። አዛውንቱ ሁለት ዳቦ አንስተው አጋጠሙ።

«አባቴ፣ ጥቂት ይቆዩኝ» አልኩ።

የሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዞረ። ልጅቷን እወዳታለሁ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«የዶምላን መኪና የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ከናማንጋኖቹ አንዱ ሳቀ። «እኛ የመጣነው ለሙሽራ መስሎን ነበር፤ ለጋራዥ ችሎት ኖሯል።»

ፊልትሮውን ከጨርቁ አወጣሁ። «ጎሚኒው የለም፤ ሞተሩ ላይ ቀርቷል። ሳልዳብስ አዲሱን በላዩ ገጠምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዶምላ እስከ ዛሬ ያላጠፉትን ተሸክመው እንዳይሆን።»

ይህን ያልኩት እንዲሁ ለአክብሮት ነበር። ዶምላ ግን ቀስ ብለው ተነሡ። ቆባቸውን ከዓይናቸው ከፍ አደረጉት።

«ቡሎኑ አይደለም?» አሉ።

«ቡሎኑ ምን ሆነ?»

«ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ከልክ በላይ አታጥብቅ ስለሚል አላልቼ የተውኩት መስሎኝ…» ወደ ሸራው አዩ። «ሦስት ወር ሙሉ ለሽማግሌ ያልተገባ ሥራ ሠርቼ በልጁ ላይ አሳበብኩ እንዳይባል ከአንተ ስሸሽ ነበር። ሸራ ያለበስኳት ለዚህ ነው። ማንም ኮፋኖዋን እንዳይነካ የከለከልኩትም።»

እርስ በርሳችን ተያየን። እኔ የእሳቸው ቁጣ ያልኩት እፍረት ነበር። እሳቸውም የእኔን እፍረት ምን ብለውት እንደነበር አላወቅኩም።

«ይታይ እንጂ» አሉ የናማንጋኑ አዛውንት ዳቦዎቹን ለየብቻ ጨርቁ ላይ እያስቀመጡ። «እኔም ላዳ አለችኝ። ነገሩን ሳላይ ዳቦ አልቆርስም።»

ሸራው ተገፈፈ፤ ኮፋኖው ተከፈተ። ወንዶቹ ሁሉ ተነሥተው ከበቡት፤ የተከፈተ ኮፋኖ እያለ ተቀምጦ ለውዝ የሚበላ ወንድ በአገራችን የለም። ፊልትሮውን ፈታሁት። ሁለት ጥቁር ቀለበት ተደራርቧል፤ አንዱ እንደ ምላስ ወደ ውጭ ወጥቷል።

«ይኸው» አሉ አዛውንቱ፤ ጎንበስ ብለው ከሥሯም እጃቸውን ሰደዱ። «ቡሎኑማ እንደ ተራራ ጠብቋል፣ ዶምላ።»

ዶምላ ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። አዛውንቱ በክር የተንጠለጠለችውን ካርቶን ያዙ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ዓይነት ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ገለበጧት።

አዛውንቱ በጀርባዋ ያለውን አንብበው ጨረሱ፤ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ መስኮቱ አዩ። ክሩን በጥንቃቄ ፈቱት። ለዶምላ አልሰጧትም፤ እስከ መስኮቱ ሄደው በተከፈተችው ጣት በምታህል ቦታ አቀበሉ።

«ልጄ፣ ይቺ የአንቺ ናት መሰለኝ» አሉ።

ከዚያ መጋረጃው ተገለጠ። ኦይዲን ካርቶኗን በሁለት እጇ ይዛለች። ፊቷን በሙሉ፣ ያለ ዳቦና ያለ ዋጋ፣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«እዚህ ኖሯል» አለች። «ሦስት ወር በሩ ላይ ቆሜ ሳይ፣ መልሱ ከእኔ አሥር እርምጃ ሸራ ለብሶ።» ወደ እኔ አየች። «ዓርብ ትላለህ። የትኛው ዓርብ ነበር?»

በረንዳው ላይ እናቴ ተነሣች። እጇ ላይ ገና ዱቄት አለ።

«ዛሬም ዓርብ ነው» አለች። «ትንሽ ዘገየሁ እንጂ፣ ዶምላ፣ መጥቻለሁ።»

ባርኖ «ምነው ሮሂላ» ብላ ጀመረች፤ ዶምላ እጃቸውን አነሡ። ወደ ሞተሩ ዞሩ።

«ከቤታችን ሴት ልጅ ከአጥንቷ ውጭ ወጥታ አታውቅም» አሉ።

ጣታቸውን በኮፋኖው ጠርዝ ላይ አሳለፉ።

«እኔም ከዚህ በፊት ፎሳ ገብቼ አላውቅም ነበር።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማርጊላን የምትይው ለዚህ ነበር?»

ኦይዲን አንገቷን ደፋች።

«ያን ሁሉ ቤንዚን» አሉ ዶምላ በዝግታ። ከዚያ ወደ እኔ። «ይህ ሞተር ወርዶ ለመሠራት ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንድ ወር፣ ዶምላ። በእጄ ከሠራሁት።»

«ጋራዥ ይሂድ ያለ ማን አለ? አንድ ወር በዚህ በር ትገባለህ፣ ትወጣለህ። ከዚያ እናትህ በሌላ ዓርብ ትምጣ።»

የናማንጋኑ አዛውንት ሁለቱን ዳቦ፣ እንደተጋገሩ ሙሉ ሆነው፣ ለእናቴ መለሱላት። «ለሩዙ ግን ተጠርተናል፤ ሩዙን እንበላለን» አሉና ተቀመጡ። መጋረጃው ተዘጋ፤ ካርቶኗ አብራ ገባች። ጸሐዩ ከኮፋኖው ላይ ዓይኔን ወጋኝ፤ እንባዬን በእሱ አሳበብኩ።

* * *

ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት ሆነ። ዶምላ ያን ወር ሙሉ ከጎኔ ቆመው መጽሐፉን አነበቡልኝ። መጨረሻ ላይ ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ አምፖል አወጡ፤ ለቀዩዋ መብራት ነበር።

ከሠርጋችን በኋላ የካርቶኑን ጽሕፈት ልጃቸውን ቀሟት። «አንቺ ጀርባው ላይ ታበዣለሽ» አሏት። በአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር አንዴ ካርቶኑን ወደ ፎሳው ሲያቀብሉኝ እገለብጠው ነበር። ሁልጊዜ አንድ መስመር ነው፦ «ልጄ፣ ጎሚኒዋን አይተሃታል?» እኔም ከሥሩ «አይቻታለሁ» ብዬ ጽፌ አስረው ነበር። በአፋቸው «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። እስከ መጨረሻው የጠሩኝ በስሜ፣ ቶልቂን ብለው ነው። ያን ቃል የጻፉልኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ያለፈው ክረምት ሳይገባ አረፉ። የመጨረሻዋን ካርቶናቸውን አልፈታኋትም፤ አዲሷን ከጎኗ አሰርኳት። ሠፈርተኛው «አሁን እንኳ ጋራዥ ውሰዳት፣ ምን ቸገረህ» ይለኛል። መቆጠብ ነው እላለሁ። እውነትም መቆጠብ ነው።

ዛሬ ጠዋት ላዳዋን ፎሳው ላይ አቆምናት። ወይኑ አፍርቷል። ዘይቱ ሲንጠባጠብ እናቴ ሻይ ታፈላለች፤ የሚጠጣው ግን የለም። ከላይ ከግራው ቁርጭምጭሚት በላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ አያለሁ። አንድ እጅ ካርቶን ይዞ ይወርዳል። እገለብጣለሁ፤ አነባለሁ። አሁን አንድ ቃል አይበቃኝም፤ ቦታው እስኪሞላ እጽፋለሁ። ከዚያ እርሳሱን ጡቡ ላይ አስቀምጬ፣ ባዶ ጣቴን ወደ ሞተሩ ፊት እሰዳለሁ፤ ቀስ ብዬ ዙሪያውን እዳብሳለሁ።

«ጎሚኒዋን አይተሃታል?» ትላለች ኦይዲን ከላይ፣ በአባቷ ድምፅ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ትንሽ እቆያለሁ። ያ ድምፅ ፎሳው ውስጥ ትንሽ እንዲቆይልኝ ነው።